ጤናማ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

«አሥራ ዘጠኝን አውጡትና እንገላገል!»

ቆጣሪዋ ይህን የሰማችው የናሙናውን ሳጥን በሁለት እጇ ታቅፋ የስብሰባ ክፍሉን በር በክርኗ ልትገፋ ስትል ነበር። ድምፁ የፕሮፌሰሩ ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ሠራተኛ ላይ አይጮህም፣ አንድ ዓመት እንዲያውም ልደቷን አስታውሶ እንኳን አደረሰሽ ብሏታል። ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ ግን ሰውን ሁሉ በቁጥር መጥራት ይቀናዋል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ባሕር ማዶ ያሉት ተባባሪዎች፣ እያንዳንዳቸው በየትንሽ መስኮታቸው ውስጥ ሆነው፣ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷማ ገበታ እንዳማረላት ባለቤት ፈገግ ብላ፣ «እሱ ሲወጣ አማካዩ ያምራል» አለች። ያምራል! ቆጣሪዋ በሩ ላይ እንደቆመች ሳጥኑ ከበዳት። ከሦስት አገር ከተሰበሰበው ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አሥራ ዘጠኝ ማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ማወቅ አልነበረባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሦስት አገር ያሉ ሦስት ተቋማት ነጭ የደም ሕዋስ ከበሽታ ጋር ያለውን ጉዳይ አብረው ሊያጠኑ ተስማሙ። ውሉ የተፈረመ ዕለት ኮሪደሩ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ትልቅ ሸራ ተሰቀለ። አንበሳው እስካሁን አልታሰረም፣ ሸራው ግን እንደተሰቀለ አለ። ውሉ አሥራ አራት ገጽ ነው። ጽሑፉ ሲታተም የማን ስም ከማን ይቀድማል የሚለው ነገር ብቻ አራት ወር አከራክሮ ሦስት ገጽ ሞልቷል። «ጤናማ ነው ብለን ደም የወሰድንለት ሰው ታሞ ብናገኘውስ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጤናማ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ምን ቆርጦት ይታመማል?

የታመሙትን የሚያስተያዩበት አርባ ጤነኛ ሰው አስፈለገ፤ ሃያ ሴት፣ ሃያ ወንድ። ሴቶቹ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠራ በመጀመሪያው ቀን ሞሉ። ወንዱ ግን ደም ሲባል ሥራ ይበዛበታል። አንዱ ቀጠሮ አለኝ ይላል፣ ሌላው መርፌውን ሲያይ መኪናውን መጥፎ ቦታ ማቆሙ ትዝ ይለዋል። በመጨረሻ ደም የምትቀዳዋ ነርስ የበረዶ ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ አንግታ ወንድ ፍለጋ በየቤቱ ዞረች። ሳጥኑ ዓርብ በአውሮፕላን መሄድ አለበት፤ ዓርብ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ቆጣሪዋም ለመርዳት ያህል የእህቷን ቤት አድራሻ ሰጠቻት፤ «እዚያ ቤት ጤንነቱን ሲያወራ ውሎ የሚያድር አንድ ወንድ አለ» ብላ። ደም ለሰጠ ሰው ማኅተም ያለበት ያማረ ወረቀት ይሰጠዋል። «ጤናማ ተሳታፊ» ይላል። ምስጢር ይጠበቅ ተብሎ ስም አይጻፍበትም፣ ቁጥር ብቻ። የእህቷ ባል ወረቀቱን በወርቅማ ፍሬም አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለው። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ከበሩ ላይ ሆኖ ይነበባል፤ ፎቶውንም አንስቶ ለቆጣሪዋ ልኮላታል። ሦስት አገር በሰባት መቆለፊያ የቆለፈበት ምስጢር እንዲህ ሆኖ ሚስማር ላይ ተንጠለጠለ።

ቆጣሪዋ እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ቆጥራለች። ስስ መስታወት ላይ የተቀባችውን የደም ጠብታ ቀለም ነክራ ማይክሮስኮፕ ስር ታስገባለች፤ ከዚያ ነጭ ሕዋሶቹን በዓይነት በዓይነታቸው እየለየች የመቁጠሪያዋን ቁልፎች ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፤ መቶ ሲሞላ መቁጠሪያዋ ቅጭል ትላለች። ማሽን ከመጣ ወዲህም ማሽኑ የተጠራጠረውን የምታረጋግጠው እሷ ናት። ስሟ የወጣላት በዚህ ነው። ስድብም አይደለም፣ ሙገሳም አይደለም። ግድግዳ ላይ እንዳለው የመብራት ቆጣሪ ነች፤ ሲሠራ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ሂሳቡ የበዛ ለታ ግን ሁሉም ተሰብስቦ ይጠረጥረዋል።

የአሥራ ዘጠኝን መስታወት ያየችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ቅጹ «ወንድ፣ 58 ዓመት» ይላል። ከመቶው ሕዋስ ሠላሳ ገደማ ሊሆን የሚገባው ሊምፎሳይት የሚባለው ዓይነት ሰማንያ አራት ወጣ። በየመሃሉም በአውራ ጣት የታሸ የመሰሉ የፈረሱ ሕዋሳት ተበትነዋል። ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር እንዲህ ነው የሚመስለው። ከቀሩት ጥቂት ሕዋሳት መካከል ከአንዱ ላይ እንደ ከበሮ መምቻ ጫፏ ድቡልቡል ያለች ትንሽ ቅጥያ ተንጠልጥላ አየች። የቀለም ዝቃጭ ይሆናል ብላ አለፈቻት። ሐሳቧ ሰማንያ አራቱ ላይ ነበር። ደግሞ እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ያን ጊዜ መጀመሪያ የተሰማት ሐዘን አልነበረም። «አገኘሁህ!» የሚል ነገር ነው በደረቷ ሽው ያለው። ወዲያው አፈረች። ግን ሽው ብሏል፤ ከራሷ አትደብቀውም።

ስብሰባው ተበትኖ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አልወጣ አለች።

«ፕሮፌሰር፣ አሥራ ዘጠኝ እኮ ሰው ነው።»

«እሱማ ነው» አለና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እኔም ከብዶኛል። ግን ቅጹን ተመልከቺ፤ ‹ውጤቴ እንዲነገረኝ አልፈልግም› የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል። ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ስሙን መፈለግ አንችልም፣ ኮሚቴው ደግሞ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ወር ነው።»

ቅጹን አየችው። ምልክቱ ጅራቱ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ሌሎቹንም ገልበጥ ገልበጥ አደረገቻቸው፤ አርባ ሰው በአንድ እጅ የጻፈ ይመስል የአርባውም ጅራት ወደ ላይ ተቆልምሟል። ሥራ እንዳይበዛባት ነርሷ ራሷ መኪና ውስጥ ሆና የሞላችው ነው። አርባ ሰው አንድ ላይ ስለ ጤናው ምንም መስማት አልፈልግም ሲል ከሦስቱ ተቋማት አንዱም አልገረመውም።

«ሰውየውን አታውቂውም አይደል?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«የት አውቄው!»

ፕሮፌሰሩ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ቀና ሳይል፣ «ካወቅሽው ደግሞ፣ እኔ አልጠየቅኩሽም፣ አንቺም አልነገርሽኝም» አለ። ሰው ሆኖ የተናገራት ያቺን ብቻ ነው፤ ለዚህም አመሰገነችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ፈቃድ ጠየቀች። ቦርሳዋ ውስጥ መርፌ፣ ጥጥ፣ የእጅ ማሰሪያ ላስቲክና አንድ ባዶ ቱቦ ከተተች። ደሙን እንደገና ቀድታ በደንቡ፣ በታካሚ ስም፣ ለሐኪም ልታቀርበው ነው። በትርፍ ነገር ጊዜ እንዳይጠፋ የእህቷን ባል ሙሉ ስም እስከ አያቱ አሳምራ ጽፋ ቱቦው ላይ ለጠፈችው። መንገድ ላይ ብርቱካን ገዛች። ነጋዴዋ የጠዋቱን ዋጋ ከሰዓት በኋላ ጨምራበታለች፤ ቆጣሪዋ ግን ያለወትሮዋ ሳትከራከር ከፈለች። ባዶ እጇን መርዶ ይዛ መሄድ አልሆንላት ብሏል።

እዚያ ቤት ከረገጠች አምስት ወር አልፏል። የእህቷን ባል ሁሉም ሰው ሊቀመንበሩ ነው የሚለው፤ የሕንጻው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሲወርድ ወንበሩን አስረከበ እንጂ አመሉን አላስረከበም። የእህትማማቾቹ እናት ያረፉ ጊዜ ዕቃቸው ሲከፋፈል በአጀንዳ ሰብስቧቸው ቃለ ጉባኤ አስይዟል። ቆጣሪዋ በተራ ቁጥር ሰባት የማይሠራ የግድግዳ ሰዓት ደረሳት። ሰዓቱ አላናደዳትም፣ እህቷ አንገቷን ደፍታ ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ማየቷ እንጂ። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ ተጣሉ አይባልም። በየሳምንቱ ስልክ ይደዋወላሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ። ስለ ሽንኩርት እያወሩ ስምንት ዓመት ሞላቸው።

በሩን የከፈተችላት እህቷ ናት። ከውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሷ ግን አንገቷን በወፍራም ሻርፕ ጠምጥማለች።

«አንቺ ልጅ! ምን እግር ጣለሽ?»

«እትዬ፣ በዚህ ሙቀት ሻርፕ?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ተይኝ እስቲ» አለችና ብርቱካኑን ተቀበለቻት። ከስታለች። ጉንጯ ጎድጉዷል። ቆጣሪዋ ይህን ስታይ በልቧ፣ አይ እትዬ፣ የባሏ ነገር ሳታውቀው ገብቷት ነው፣ ሚስት ምን ይሰወራታል፣ አለች። ያዘነችው ደግሞ ለሷ አልነበረም፣ ለምትሆነው መበለት ነበር።

ሊቀመንበሩ ከፍሬሙ ሥር ካለው ሶፋ ላይ፣ ልክ ፎቶ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። «ዶክተርዬ! ዛሬ ማን ሞቶ ነው የመጣሽው?» አለና ሳቀ። ዶክተር አለመሆኗን ስለሚያውቅ ነው ዶክተር የሚላት። ከዚያ በየማለዳው ስለሚሄደው የእግር መንገድ፣ በዚህ ዕድሜው ሊፍት እንደማይነካ፣ እኩዮቹ እንዴት እየረገፉ እንደሆነ ዘረዘረ። እሷ በአንድ ጆሮዋ እየሰማች አንገቱን ታየዋለች፤ እብጠት ይኖር ይሆን? ከጆሮው ሥር እስከ ኮሌታው ዓይኗን ስታመላልስ ሊቀመንበሩ ሸሚዙን ያየችለት መስሎት፣ «ልጁ ነው የላከልኝ» አለና ኮሌታውን አስተካከለ። ትንሽ ሲያስለው ልቧ ድንግጥ ይላል። እህቷ ሻይ በሰሃን ይዛ ስትገባ ከማስቀመጧ በፊት የሶፋውን ጠርዝ ይዛ ትንፋሿን ሰበሰበች። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ነው የተሸከመችው።

«ታያታለሽ?» አለ ሊቀመንበሩ። «ደረጃ ወጥታ እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ታርፋለች። ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ አልቧት ስትገላበጥ እኔንም አታስተኛኝ። ስንፍና ነው! ሰው እኔን አያይም?» ወደ ፍሬሙ በአገጩ ጠቆመ። እህቷ ምንም አላለችም። ይህ ዝምታ የቤቱ ዕቃ ነው፣ እንደ ሶፋው፣ እንደ ቴሌቪዥኑ፤ እንግዳ እንኳ ለምዶታል። ብርቱካኑን ልጠብልሽ ብላ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

ቆጣሪዋ ሻዩን አስቀመጠች። መንገዱን ሁሉ ያጠናችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም ትዝ አላላትም።

«ጋሼ፣ ያ የሰጡት ደም... መናገር አልነበረብኝም። ሥራዬንም ሊያስለቅቀኝ ይችላል። ግን ደሙ ደህና አይደለም።»

«እንዴት ደህና አይደለም? ማኅተም አለው እኮ!»

«ማኅተሙ ደሙ ከመመርመሩ በፊት ነው የተመታው። ነጭ ሕዋሱ በዝቷል፣ ዓይነቱም ትክክል አይደለም። የደም ካንሰር ይመስላል። ደግመን ማየት አለብን፣ ሐኪም ማየት አለበት።»

ሊቀመንበሩ አፉን ከፈተና ዘጋው። እጁ ቀስ ብሎ ወደ አንገቱ ሄደ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው አንድ ቀን ዝም ሲል ለማየት ተመኝታ ነበር። ዝም ሲል አየችው፤ አንጀቷን በላው። እጁን ልትይዘው ጎንበስ አለች።

በዚህ መሃል ፊቱ በራ።

«ተመስገን!» አለ ሊቀመንበሩ። ከሶፋው ብድግ አለ። «ተመስገን አምላኬ! የኔ አይደለማ! አንቺ ልጅ፣ ልታፈነጂኝ ነበር እኮ!» አለና ግንባሩን በእጁ ጠረገ። «ያቺ ነርስ መጥታ መርፌውን ስታወጣ... እኔ መርፌ አልፈራም፣ ጠዋት ሳልበላ ስለነበር ነው፣ ትንሽ ዞረብኝ። ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ነርሷ ዓርብ ሳጥኑ ሊሄድብኝ ነው፣ አንድ ወንድ ጎደለኝ ብላ ልታለቅስ ደረሰች። እትዬሽ ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ሰው ሲጨነቅ አትችልም፤ ‹ደም ደም ነው፣ እሱን ተዪው፣ ከኔው ቅጂ› አለችና እጅጌዋን...»

እዚህ ላይ ቆመ። አፉ ቀድሞ፣ ልቡ ዘግይቶ ደረሰ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ለመውረድ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ እንዳለ ቀረ። ሁለቱም ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሩ። ውሃው ሲንሿሿ ይሰማ ነበር፣ አሁን ተዘግቷል።

ያቺ ከበሮ መምቻ የመሰለች ቅጥያ ቆጣሪዋ ዓይን ላይ መጣችባት። ሥራ በጀመረች ዓመት ያስተማራት አዛውንት ምን ብሏት ነበር? ይህቺ የሴት ምልክት ናት፤ ብዙውን ጊዜ ሴት ደም ውስጥ እንጂ ወንድ ደም ውስጥ አታገኛትም፤ ቅጹ ይዋሻል፣ ይህቺ ግን አትዋሽም ብሏት ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት የሠራችበትን፣ ተለማማጅ የምታስተምርበትን ነገር የቀለም ዝቃጭ ብላ አለፈችው። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። የሷ ልብ ግን ዓይኗን ሳይጠብቅ ነው የፈረደው፤ ደሙ የሊቀመንበሩ እንዲሆን ፈልጋለች፣ ስለዚህ የሊቀመንበሩ ሆነ። ዛሬም ሻርፑን አየች፣ ጉንጯን አየች፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ የከበዳትን እጅ አየች፣ የሌሊቱን ላብ በጆሮዋ ሰማች፣ ከዚያ ዞራ የጤነኛውን ሰውዬ አንገት ስትመረምር ቆየች። እንዲህ ያለች ቆጣሪ!

ወጥ ቤት ስትገባ እህቷ ከመስኮቱ ሥር ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የተላጠ ብርቱካን በእጇ ይዛለች።

«ሰምቻለሁ» አለች። «የዚህ ቤት ግድግዳ ወረቀት ነው።» ሻርፑን ቀስ ብላ ፈታችው። ከአንገቷ ግራና ቀኝ ሁለት ሦስት የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ እብጠቶች አሉ። «ይህንን ነው አይደል የምትፈልጊው? ከርሟል። አያመኝም።»

«እትዬ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትይኝ አይደል ያሳደግሽኝ? እንዴት አትነግሪኝም?»

«መቼ ልንገርሽ?» አለች እህቷ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ስለ ሽንኩርት ስናወራ?»

ቆጣሪዋ መሬቱ ላይ ተንበርክካ ራሷን የእህቷ ጉልበት ላይ አደረገች። ለታካሚ የምትናገርበትን ድምፅ ፈልጋ አገኘችው። «ይህ ዓይነቱ ከሆነ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ስንቱ ሰው አብሮት ያረጃል። ግን ነገ አንድ ላይ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አሁን ደግሞ እንደገና ልቅዳሽ።» እህቷ የብርቱካኑን ግማሽ ገምሳ ለታናሿ አጎረሰቻት።

ከሳሎን ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ከዚያ የሊቀመንበሩ ከባድ ትንፋሽ፣ ከዚያ ፍሬም ከግድግዳ ሲወርድ። ሚስማሩ አብሮ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ቆጣሪዋ እጇን ታጥባ ላስቲኩን፣ ጥጡንና መርፌውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። እህቷ የቀኝ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ባለፈው የተወጋችበት ቦታ ላይ ጠባሳ እንኳ የለም። ክንዷን ዘረጋችና፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ባለ ተራ ድምፅ፣

«ዛሬስ በማን ስም ነው?» አለች።

ቆጣሪዋ ቱቦውን ከቦርሳዋ አወጣች። ቅድም አሳምራ የጻፈችው የሊቀመንበሩ ስም እስከ አያቱ ተለጥፎበታል። በጥፍሯ ጠርዙን ይዛ ትልጠው ጀመር። ሙጫው ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አልለቀቀም፤ እህቷም ክንዷን እንደዘረጋች ጠበቀቻት።